ሦስት ጊዜ የተላገ በር

ሙያዬ ዜና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራበት ስለ ራሴ ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈውም ጥሩ ስለ ሠራሁ አይደለም። በአንድ ነሐሴ ከአንኮበር በታች በሦስት ቀን ውስጥ የሆነውን፣ ያየሁትን አየሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እያልኩ ላስቀምጥላችሁ ነው።

አስቀድሞ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበርኩ ማወቅ አለባችሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወንዝ ሊሞላ ነው የሚል ወሬ ከአንድ ሰው ሰምቼ በሬዲዮ አስነገርኩ። ገበሬዎቹ የደረሰ ማሽላቸውን ጥለው ወደ ከፍታ ወጡ። ወንዙ አልሞላም። ማሽላውን ዝንጀሮ ጨረሰው። ከሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ የተጋጠ የማሽላ አገዳ በጋቢያቸው ጠቅልለው ቢሮ ድረስ መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ እርስ በርሳቸው ያልተመካከሩ ሁለት ምንጮች ካልነገሩኝ ነገሩ ከአፌም ከብዕሬም አይወጣም። ባልደረቦቼ "ጽጌ ዝናብ ቢመታት እንኳ ሁለተኛ ምስክር ትጠይቃለች" ይሉኝ ነበር። እኔ እንደ ምስጋና ነበር የምወስደው።

ወደ አንኮበር የወሰደኝ ዶክተር ምንውየለት ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖር የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ ዕድሜ ጋር እኩል። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው የአህያ መንገድ አጋማሽ፣ ከገደሉ ሥር፣ በድሮ የጦርነት ዘመን እህል የሚሸሸግበት ጥልቅ ዋሻ አለ። እዚያ መሣሪያ ተክሎ ነበር። "መጥተው ይዩት፤ ግን ውጤቱ ሳይረጋገጥ እንዳይጽፉ" አለኝ። ሰውዬውን ወደድኩት።

በጉም ውስጥ እየወረድን ሥራውን አስረዳኝ።

"እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ተራራ፣ እኛ፣ የምናያቸው ኮከቦች ሁሉ ተደምረን በዓለም ካለው ቁስ ትንሹ ነን። ብዙው አይታይም። ብርሃን አይሰጥም፣ ብርሃንም አያግድም። ጨለማ ቁስ እንለዋለን።"

"የማይታይ ከሆነ መኖሩን ማን ነገራችሁ?"

"የኮከቦች አዟዟር። አንድ የማናየው ነገር ካልሳባቸው በቀር እንደዚያ አይዞሩም።"

"አንድ ምንጭ አለህ ማለት ነው።"

ሳቀ። "ሁለተኛውን ነው የምፈልገው።"

እሱ የሚፈልገው ከዚህ ቁስ ክብደቱ እጅግ ቀላል የሆነውን ነበር። ቀላሉ እንደ ወፍጮ ቤት ብናኝ ዝም ብሎ ስለሚንሳፈፍ ምንም ነገር ገፍቶ አያናውጥም፤ መሣሪያም አይሰማውም። ግን ኮከብ በመጨረሻው ሲፈነዳ መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይወነጭፋል። ከዚያ ብናኝ ጥቂቱ ተወንጭፎ፣ ፍጥነት ይዞ፣ እኛ ድረስ ሊመጣ ይችላል። በዋሻው ውስጥ የበርሜል ያህል ጋን አለ፤ የሞላበትን ፈሳሽ አንድ ነገር ሲመታው ዓይን የማያየው ብልጭታ ይሰጣል። ከሰማይ ያለማቋረጥ የሚዘንበውን ሌላ ጨረር ተራራው እንደ ጃንጥላ ይከልልለታል። ያቺን ብልጭታ ለመያዝ ታዲያ ዋሻው ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት። በበሩ ስንጥቅ የምትገባ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን የወር ሥራ ታበላሻለች።

ከዋሻው ስንደርስ አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው በሩን በትከሻቸው እየገፉ ነበር። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። አናጢ ናቸው፤ በሩን የሠሩት እሳቸው፣ የሚጠብቁትም እሳቸው። ቤታቸው ከዋሻው ቁልቁል፣ ሌሎች አሥር ቤቶች ባሉባት መንደር ውስጥ ነው።

"ዛሬም ያዘ?" አለ ዶክተሩ።

"ዛሬም" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

"ክረምት ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል።"

ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን በላይኛው ማዕዘን ላይ አሳለፉ። ያንን ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም። መጻፍ ነበረብኝ።

ከበሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ነበር። የጋኑ ውጤት በእሱ ላይ ተቆልፏል፤ የመክፈቻው ቃል በሌላ ባልደረባው እጅ ነው። "የምንመኘውን እንዳናይ ብለን ነው" አለኝ። "ጊዜው ሳይደርስ ካየሁት ምኞቴ ቁጥሩን ያጣምምብኛል።" የሚታየው ሌላ መስመር ብቻ ነው፤ ከድንጋይ የሚወጣ ራዶን የሚባል ጋዝ ልክ። ጋዙ የሐሰት ብልጭታ ስለሚፈጥር ሲበዛ የዚያን ቀን ውጤት ይጥለዋል። መስመሩ ሦስት ቦታ ላይ እንደ ደረጃ ዘልሏል። ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ ወረቀት አለ፤ በራስጌው "መጥፎ ቀናት" ተብሎ የተጣሉት ቀኖች ተዘርዝረዋል። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ማስታወሻዬ ላይ ገለበጥኩት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር መገልበጥ የኖረ ልማዴ ነው።

"ምንድን ነው ያስዘለለው?" አልኩት።

"ቆሻሻ ነው። ሌላ ማራገቢያ አስገብቼ አጥበዋለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሽቦ ሲያያይዝ ጋሽ ሰይድ ቤታቸው ሻይ ጋበዙኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ውኃውን በነጠላ ጫፍ ሁለት ጊዜ አጠለለችው።

"ምንጩ ደፍርሷል፤ ነውር እንዳይመስልሽ" አለችኝ። "ሁልጊዜ እንደ መስተዋት ነበር።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"እህቴ ከወለደች ወዲህ።"

ጋሽ ሰይድ ስኒውን አስቀምጠው የዋሻውን በር ነገር አነሡ። ማንም እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

"ወላሂ እታለም፣ እንጨት አውቃለሁ። ያ በር ዋንዛ ነው፣ ሦስት ዓመት ጣሪያ ሥር የደረቀ። ሦስት ጊዜ ላግሁት። ያበጠ በር ዙሪያውን ነው የሚይዝሽ። ይሄ የሚይዘው አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ነው፣ ላይኛው ቀኝ። በሩ አላበጠም። መቃኑ ነው የዘመመው።"

"መቃኑ ምን ላይ ነው የቆመው?"

"ዓለቱ ላይ ነዋ! በብረት ነው የቸነከርኩት።"

"ለዶክተሩ ለምን አልነገሩትም?"

እጃቸውን አራገፉ። "አናጢ በሩ አልዘጋ ሲለው፣ ተራራው ነው ያጋደለው ቢል ማን ያምነዋል? የአሊዩ አምባ ገበያ ሙሉ ነው የሚስቅብኝ።"

"የላጉባቸውን ቀኖች ያስታውሷቸዋል?"

"የመጀመሪያው የዛሬ ሦስት ሳምንት የገበያ ዕለት ጠዋት፤ አህዮቹ ሲያልፉ እየላግሁ ነበር። ሁለተኛው የዘሃራ እህት የወለደች ዕለት፤ ዛሬ አሥር ቀኗ ነው። ሦስተኛው ከትናንት ወዲያ።"

ጻፍኩት። ከዚያ ወደ አንኮበር ወጥቼ አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ማስታወሻዬን በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ የጋሽ ሰይድን ቀኖች ወደ ቀን መቁጠሪያ መለስኳቸው። ከዚያ ጎን የዶክተሩን "መጥፎ ቀናት" ጻፍኩ። ሦስቱም ገጠሙ። በአንዳቸውም የአንድ ቀን ልዩነት የለም። ብዕሬን አስቀምጬ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። አንዱ ስለ እንጨት ይናገራል፣ አንዱ ስለ ጋዝ፣ አንዷ ስለ ምንጭ ውኃ። ሦስቱም በዚህ ነገር እርስ በርስ አልተመካከሩም።

በዝናብ ወደ ዋሻው ወርጄ ሁለቱን ዝርዝሮች ዶክተሩ ፊት ዘረጋኋቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው። ወጥቶ ጣቱን በበሩ ላይኛ ቀኝ ማዕዘን ላይ አሳለፈ፤ መላጊያው ሦስት ጊዜ የበላውን ቦታ።

"ራዶን በዝናብም ይጨምራል" አለ ሲመለስ። "የአየር ግፊት ሲወርድም ይጨምራል።"

"ዓለት ሲሰነጠቅስ?"

ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስጠጋቸው።

"ዶክተር?"

"ሲሰነጠቅም።" ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "የተራራውን ድምፅ ቆሻሻ ብዬ ሳጥብ ነበር፣ እትዬ ጽጌ። መጥፎ ቀን እያልኩ ስጥለው።"

"ይወርዳል?"

"አላውቅም። የመሬት ባለሙያ አይደለሁም። ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጨርሶም ላይወርድ ይችላል። ከላይ ስንጥቅ መኖሩን ብናይ..."

ከጋሽ ሰይድ ጋር ወደ ላይ ልንወጣ ሞከርን። ጉሙ የራሴን ጫማ እንኳ አላሳየኝም። ገደሉ አፋፍ ደርሰን ተመለስን። ዶክተሩ ወደሚመለከተው ሁሉ ስልክ ደወለ፤ ባለሙያው ከነገ ወዲያ ይደርሳል አሉት።

ተያየን። ሁለታችንም ዕድሜያችንን ሙሉ ያልተረጋገጠ ነገር ላለመናገር የማልን ሰዎች ነን። ከታች አሥራ አንድ ቤት አለ። ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው የማሽላ አገዳ ታየኝ።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የመንደሩ ሰዎች መስጊዱ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ሐጂ ኑሩ መሐል ተቀመጡ። የሰማሁትንና ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። መጀመሪያ የመለሰው ያሲን የሚባል ጎልማሳ ነው፤ የጋሽ ሰይድ የወንድም ልጅ፣ ወፍራም ሳቅ ያለው።

"ኮከብ ፈልጋችሁ ስታጡ የእኛን ተራራ ልታወርዱ ነው? ዶክተሩ ጨለማ ነው አሉ የሚፈልገው። መብራት ገብቶልን አያውቅም፤ እኛ ቤት መጥቶ ተሸክሞ አይሄድም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩም ፈገግ አለ።

"አንተ ዝም በል" አሉት ሐጂ ኑሩ። ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ታውቂያለሽ ወይስ ትገምቻለሽ?"

"እገምታለሁ፣ ሐጂ።"

"ሰይድ፣ አንተስ?"

ጋሽ ሰይድ ተነሡ። ገበያ ሙሉ ሰው ፊት የቆሙ ያህል አንገታቸውን ደፉ። "በሩ አይዘጋም" አሉ። "ሦስት ጊዜ ላግሁት። አሁንም አይዘጋም።"

ማንም አልሳቀም። ሐጂ ኑሩ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ሰይድ የሠራው በር አልዘጋ ብሎ አያውቅም" አሉ። "አውቃለሁ የሚል መጥቶ ቢሆን እጠረጥረው ነበር። ተነሡ፤ አላህ ያውቃል።"

ሳይመሽ ልጅና ከብት ይዘው ከሸለቆው ማዶ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ተሻገሩ። እኛም አብረናቸው አደርን።

ሦስተኛው ቀን ነጋ፤ ምንም አልሆነም። ዝናቡ ቆመ፤ ጉሙ ግን አልተነሣም። ሰው በየክፍሉ በር ላይ ቆሞ ወደ ማይታየው ቤቱ ያያል። ሴቶቹ ስለተዉት ዶሮ፣ ወንዶቹ ስለተዉት ማረሻ ማውራት ጀመሩ። ረፋድ ላይ ያሲን በትሩን ይዞ ፊቴ ቆመ።

"እታለም፣ ፍየሎቼን በረት ዘግቼባቸው ነው የመጣሁት። ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ቁርጡን ንገሪኝ።"

እዚህ ላይ ቃል በቃል ልጽፈው።

"ይወርዳል ልልህ አልችልም" አልኩት። "አይወርድም ልልህም አልችልም።"

"እንግዲህ ምንም አላልሽም ማለት ነው።"

"የማውቀው ይኸው ነው።"

ሳቀ። "ጋዜጠኛ! ሻዬን እንዳትጠጪብኝ፤ መጣሁ።" ጉሙ ውስጥ ገባ። በትሩ ድንጋይ ሲነካ ትንሽ ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ከሄደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው። በመጀመሪያ ከሸለቆው የሚሰማው የወንዝ ድምፅ ቆመ። ወይዘሮ ዘሃራ ቀና አለች። "ውኃው ምን ሆነ?" አለች። ቀጥሎ በደብረ ሲና ዳገት ላይ የተጫነ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ግን መኪናው አላለፈም፣ ድምፁ እየበዛ፣ እየቀረበ፣ ከእግራችን ሥር ሆነ። የክፍሉ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ምንም አላየንም። ፊታችን ያለው ነጭ ጉም ብቻ ነው። ሲቆም የተፈጨ ድንጋይና የአዲስ አፈር ሽታ በነፋስ መጣብን።

ሐጂ ኑሩ ጉሙ ውስጥ ቆመው ስም መጥራት ጀመሩ፤ አባወራውን፣ ሚስትን፣ ልጅን፣ በየቤቱ። "አለሁ!" "አለን!" የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይመለሳል። ከዋሻው መሣሪያ ይልቅ እዚያ ቆመው የሚቆጥሩት ሽማግሌ ትክክለኛ ነበሩ። መጨረሻ ላይ "ያሲን!" አሉ። ሦስት ጊዜ ጠሩት።

ጉሙ ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ዋሻው የለም፣ ምንጩ የለም፣ አሥራ አንዱም ቤት የለም። የተራራው ግማሽ ፊት እንደተላገ እንጨት ቀይና ለስላሳ ሆኖ ይታያል። የያሲንን አስከሬን በአምስተኛው ቀን አገኙት፤ ናዳው የደረሰበት ከበረቱ ወጥቶ ሽቅብ ሲመጣ ነው። ሁለት ፍየሎች ከእሱ ጋር በአንድ ገመድ ታስረው ነበር።

ዜናውን ጻፍኩት። ሁለት አንቀጽ ነው፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የተረጋገጠ። ዶክተሩ የተቆለፈውን ውጤት በሁለተኛው ቀን ይዞት ወጥቶ ስለነበር ከወራት በኋላ ከባልደረባው ጋር ከፈቱት። ደውሎ "ባዶ ነው" አለኝ። "ከኮከብ የመጣ አንድም ብልጭታ የለም። አለመገኘቱም ውጤት ነው፤ እንጽፈዋለን።" ከዚያም፣ "የጣልኳቸውን ቀኖች ግን ለመሬት ባለሙያዎች ሰጠሁ። ከሥራዬ ሁሉ ለሰው የሚጠቅመው ቅርጫት ውስጥ የጣልኩት ሆነ" አለ።

አንባቢዎቼ፣ ያሲንን እኔ ገደልኩት አልልም፤ ተራራ ነው የገደለው። ግን በዋዜማው መንደር ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩት እኔ፣ አንድ ሰው ለራሱ ሲጠይቀኝ እውነቱን ብቻ ሰጠሁት። እሱ እውነት አልነበረም የጠየቀኝ። "አትሂድ" እንድለው ነው የጠየቀኝ። "አላውቅም፤ ግን አትሂድ" ማለት ውሸት አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ያንን ዓረፍተ ነገር አልተማርኩትም ነበር። ሕጌን አልጣልኩትም፤ ለሚታተም ነገር ዛሬም ሁለት ምንጭ እጠይቃለሁ። በሰው ሕይወትና በገደል መካከል ስቆም ግን ማሽላው በዝንጀሮ ቢበላ እመርጣለሁ። ሽማግሌው አገዳውን ይዘው እንደገና ቢመጡ ወንበር እስባለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ያሲን ግን መጥቶ ሊወቅሰኝ አይችልም።

የመንደሩ ሰዎች እስካሁን በዚያው ትምህርት ቤት አጠገብ በተሠሩ ቤቶች አሉ። ጋሽ ሰይድ እዚያም የዋንዛ በር ሠርተዋል፤ መቃኑን ቆፍረው ዓለቱ ላይ ቸንክረውታል። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውሉልኛል። ሰላምታችን አጭር ነው። "በሩስ?" እላለሁ። "ይዘጋል፤ አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ደስ እያለኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ስልኬ ጮኸ። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

"እታለም፣ ደኅና ነሽ?"

"ደኅና ነኝ ጋሽ ሰይድ። በሩስ?"

ከወዲያ በኩል በር ሲገፋ ይሰማኛል።

"ዛሬ መላጊያዬን አወጣሁ" አሉ።

"የት ጋ ነው የያዘው?"

"ላይኛው ቀኝ።"

"ሰዎቹን አስወጧቸው። አሁኑኑ። እኔ ደግሞ እደውላለሁ።"

ወረዳው ጋ ስደውል አንዲት ሴት አነሣች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ያሉት ቤተሰቦች ዛሬውኑ መነሣት አለባቸው አልኳት። ስትጽፍ ይሰማኛል። ከዚያ እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰው የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አይደለሁም" አልኳት። "እርግጠኛ እስክሆን ብጠብቅ እዘገያለሁ።"